ጋሽ ጆሮና የሆስፒታሉ ፏፏቴ

ጥር 6፣ ሰኞ

ውሃው ዛሬ ተለቀቀ። ልጄ ፓምፑን አስነሳች፤ እኔ ገንዳው ዳር ተንበርክኬ ጠበቅሁ። መጀመሪያ ቧንቧው አየሩን ተፋ። ቀጥሎ የላይኛው ድንጋይ ግንባሩን እንዳላበው ሰው ረጠበ። ከዚያ ያ ስስ ውሃ ከድንጋዩ ከንፈር ላይ ተንጠልጥሎ ትንሽ አመነታና ወረደ። ወይ የፈጣሪ ሥራ! ዕድሜ ልኬን ይህንን ሳይ ኖሬ ዛሬም አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ውሃ እኮ መልክ የለው፣ አጥንት የለው፤ ደረጃ ሲሠሩለት ግን ኩራቱን ልታየው ይገባል።

ሥራው በሆስፒታሉ ሁለት የሕሙማን ሕንፃዎች መሀል ባለው ግቢ ውስጥ ባለ ሦስት ደረጃ ፏፏቴ ነው። መስኮቶቹ ሁሉ ወደዚህ ያያሉ። በዊልቸር የሚወጣው፣ በክራንች መራመድ የሚለማመደው፣ ሰው ሊጠይቅ መጥቶ ማልቀሻ ቦታ ያጣው፣ ሁሉም እዚህ አግዳሚዎቹ ላይ ነው የሚቀመጠው። ግንቡ አልቋል። የቀረው የኔ ድርሻ ነው፤ ድምፁን ማስተካከል። በሙያው ውስጥ "ጋሽ ጆሮ" የሚሉኝ በከንቱ አይደለም። ሌላው ገንዳውን ሠርቶ፣ ውሃውን ለቆ፣ ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። እኔ ውሃው የሚያርፍበት ላይ ድንጋይ አስቀምጬ፣ አንስቼ፣ ገልብጬ፣ ልክ እስኪናገር ድረስ ንቅንቅ አልልም። ውሃ ውሃ ላይ ሲወድቅ በሆዱ ይናገራል፤ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ በጥርሱ። ጥበቡ ሁለቱን መመጠን ነው።

ዛሬ በሆዱ ብቻ ነው የተናገረው። ጥርስ የለውም። ነገ ድንጋይ እጨምርለታለሁ።

ጥር 8

ጨመርኩ። አሁንም ድፍን ያለ ነው። ግንበኛው "ጋሼ፣ ለኔስ በቅቶታል፤ ደስ ይላል እኮ" አለኝ። ግንበኛ ስለ ድምፅ ምን ያውቃል! እሱ የሚያውቀው ውሃ ልኩን ነው። ሂድና አንተ ሲሚንቶህን አቡካ አልኩት። ሳቀ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ምላሱ ግን ረዘም ይላል።

ጥር 11

የዘንድሮ ሰው መናገር ትቷል። ኢንጂነሩ ጉሮሮው ላይ ዳቦ እንደቀረበት ያጉተመትማል። ግቢውን የምትቆጣጠረዋ ሲስተር እየሄደች ነው የምታወራው፤ ጀርባዋን እያየሁ ምን ልበል? እሺ እላለሁ። ቤት ስገባ ደግሞ ባለቤቴ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ቴሌቪዥኑን ቀንሰው፤ ጎረቤቱ ዜናውን ከኛ ቤት ነው የሚሰማው" ትላለች። ቀንሼ ምን ላዳምጥ? ሥዕል ማየት ከፈለግኩ ግድግዳው ላይ አለ።

ዛሬ አንድ ጉድ አየሁ። ከገንዳው አጠገብ ያለው ዛፍ ላይ አንዲት ወፍ፣ ደረቷ ቢጫ፣ ከአውራ ጣቴ ብዙም የማትበልጥ። አፏን ትከፍታለች፣ ጉሮሮዋ ይርገበገባል፣ ድምፅ ግን የላትም። ዲዳ ወፍ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እግዜር የሚፈጥረው አያልቅበትም! ልጄን ጠርቼ አሳየኋት። ወፏን አየቻት፣ እኔን አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ አቧራ ገባ መሰለኝ፤ በእጅጌዋ ጠረገችው።

ጥር 14፣ ማታ

መጣ! ጥርሱ መጣ!

የላይኛውን ድንጋይ ከንፈር በመሮ ትንሽ ነካካሁት። ውሃው ያ አንድ ወጥ መጋረጃ መሆኑ ቀረና በክር በክር ተሰነጣጠቀ። ከሥሩ ያሉትን ጠፍጣፋ ድንጋዮች አቆምኳቸው። ልጄን "ፓምፑን ከፍ አድርጊው" አልኳት። "አባዬ፣ ይበቃል" አለች። ከፍ አድርጊው አልኩ! ከፍ አደረገች። ያን ጊዜ ሰማሁት፤ ጥርት ያለ፣ በልጅነቴ የሰማሁት ዓይነት ውሃ። ጸጉሬ ቆመ። እንባዬም መጥቶ ነበር፤ ሰው ስላለ ፊቴን ታጠብኩ።

ከገንዳው ፊት ለፊት በዊልቸር የሚቀመጥ አንድ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር አለ፤ ዳሌው ተሰብሮ ነው። ይኸውልህ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። በምን አንጀቱ እንደነቀነቀው ግን አላውቅም፤ ወዲያው ወደ ውስጥ ግፉኝ አለ። በርዶት ይሆናል።

ጥር 16

ሲስተሯ መጣች። ዛሬ እንኳ ፊት ለፊቴ ቆማ፣ ጮክ ብላ፣ እንደ ሰው ተናገረች። የተናገረችው ግን!

"ጋሼ፣ ሕሙማኑ መተኛት አልቻሉም። መስኮት ቢዘጋም ይሰማል። ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲዘንብ ነው የሚመስለው።"

"ዝናብ ደግሞ ያስተኛል እንጂ ምን ያደርጋል?"

"ይሄኛው አያስተኛም። ደግሞ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አንደኛ ፎቅ ያለው በሙሉ ሽንት ቤት እየተመላለሰ ነው። ዳይፐር አልቆብናል።"

ግንበኛው ወደ ግድግዳው ዞሮ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እኔ አልሳቅኩም።

የአስተዳዳሪውን ቃል ነገረችኝ። እስከ የካቲት አምስት ካልተስተካከለ ፓምፑ ይነቀላል፣ ገንዳው አፈር ይሞላል፣ አበባ ይተከልበታል። አበባ! እኔ በሠራሁት ገንዳ ላይ! እንግዲህ "የጋሽ ጆሮ ውሃ ተቀበረ" ተብሎ በሙያው ሁሉ ሊወራ ነው። ከዚያ ማን ይጠራኛል? ልጄንስ ማን ያሠራታል? የሷም ስም ከኔው ጋር የተሰፋ ነው።

ጥር 17

ድንጋይ አዛወርኩ። ፓምፑን አልቀነስኩም። የሚቀነስ ነገር የለውም።

ጥር 19

ዛሬም ቅሬታ። ጆሮ ዳባ ልበስ። ያልለመደ ሰው ጥሩ ድምፅ ሲሰማ ይረበሻል፤ ይለምዱታል።

ጥር 22

አፈሩ መጣ። ገና ቀኑ ሳይደርስ! አንድ መኪና ሙሉ፣ ከገንዳው ማዶ ከመሩት። አትክልተኛው ክምሩ ላይ አካፋውን ተክሎ ተደግፎ ይመለከተኛል። "ጋሼ፣ እኔ ምንም የለሁበትም፤ አምጣ አሉኝ አመጣሁ" አለ። "ለኔ መቃብር መሆኑን ነግረውሃል?" አልኩት። ደነገጠ። ከዚያ አሳዘነኝና ውሃ ጠጣ አልኩት።

እንዲያም ሆኖ፣ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ያለው ውሃ ብርሃኑን እየቆራረጠ ግድግዳው ላይ ሲጥለው፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ መስኮቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። አንዲት ሕፃን በመስኮቱ እጇን ዘርግታ ብርሃኑን ልትይዘው ታገለች። ይህን ነው አፈር የሚያለብሱት?

ጥር 24

ልጄና ግንበኛው ፓምፕ ቤቱ በር ላይ ቆመው ሲያወሩ አየኋቸው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፃቸውን ቆጥበው። ጠጋ ስል የመጨረሻዋን ያዝኳት፤ ግንበኛው "አንቺ ካልነገርሽው ማን ይነግረዋል?" ሲል። ስደርስ ሁለቱም ስለ ሲሚንቶ ሆነ ወሬያቸው። ነገሩ ገብቶኛል። ሊጋቡ አስበው እኔን ፈርተው ነው። ሲሚንቶ አቡካ ማለቴን ልተወው ይሆን?

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። በትዝብት አየችኝ። "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" አለችና መብራቱን አጠፋች። እስቲ አሁን ይህ ምን ማለት ነው?

ጥር 27፣ ሰኞ፣ ማታ

መጻፍ አለብኝ። ካልጻፍኩት አላምነውም።

ከሰዓት በኋላ ግቢው ሞቅ ብሎ ነበር፤ አግዳሚዎቹ ሞልተዋል። የመጨረሻዋን ድንጋይ ገለበጥኩ። ውሃው ተነጠፈ፣ ተሰነጠቀ፣ ዘመረ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ እሱ ይበልጣል አልኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ ምስጋናዬን ልቀበል ዞርኩ።

ሹፌሩ በሁለት እጁ ጆሮውን ይዟል። አንዲት እናት የሕፃኗን ራስ ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ በመዳፏ ሸፍናዋለች። የቀሩት ተነስተው ወደ በሩ እየሄዱ ነው፤ በክራንች ያለው እንኳ ይሮጣል ማለት ይቻላል። ልጄ ፓምፕ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። እጇ ቫልቩ ላይ ነው። አየችኝ፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ጠመዘዘችው።

ውሃው ሳሳ። ስስ ሆኖ ቀጠለ፤ አልቆመም፣ በዓይኔ አየዋለሁ። ለኔ ግን ግቢው ጭር አለ። ጭር! መጨረሻ የሌለው ጭርታ። ሰዎቹ ደግሞ ቆሙ። ትከሻቸው ወረደ። ሹፌሩ እጁን ከጆሮው አነሳ፣ አንገቱን ዘንበል አደረገ፣ የሆነ ነገር እያዳመጠ ፈገግ አለ። "እሰይ፣ አሁን ገና ውሃ ሆነ" ሲል ከአፉ ላይ አነበብኩት።

ምንድነው የሚያዳምጡት? ምን አለ እዚያ?

መሮዬን ጥዬ ወጣሁ። ማንንም አልተሰናበትኩም። የፓምፑ ጩኸት ይሆናል የረበሻቸው። ፓምፑ አርጅቷል።

ፓምፑ አዲስ ነው።

ጥር 28

አልሄድኩም። ባለቤቴ ሻይ አፍልታ ሰጠችኝ። ማንቆርቆሪያው እንደሚያፏጭ አውቃለሁ። መች ነው ያፏጨው?

ጥር 29

ልጄ ትናንት ማታ መጣች። እናቷ ወደ ጓዳ ገባችልን። ልጄ ከፊቴ ተቀምጣ፣ ጉልበቴን ይዛ፣ ፊቷን እያሳየችኝ አወራች። ይኼም አዲስ እንዳልሆነ አሁን ገባኝ፤ ስታወራኝ ሁልጊዜ ፊቷን ታሳየኛለች።

"አባዬ፣ የሆቴሉን ገንዳ ታስታውሰዋለህ? ባለፈው ዓመት?"

"ሰው ሁሉ ያወደሰውን? እንዴት አላስታውስ!"

"አንተ ጨርሰህ ከሄድክ በኋላ ተመልሼ መጥቼ ድንጋዮቹን አዛውሬያቸዋለሁ። ፓምፑንም ቀንሻለሁ።"

እጇን ከጉልበቴ ላይ አነሳሁ።

"የባንኩንም። የቤተ መጻሕፍቱንም። እዚህ ግን አልቻልኩም። ቀን አንተ ከገንዳው ዳር አትነሳም፣ ማታ ደግሞ ፓምፕ ቤቱ ይቆለፋል። ልነግርህ ነበር። እንዴት ብዬ ልንገርህ? ሰው ጋሽ ጆሮ እያለህ!" አለችና አለቀሰች።

ተቆጣሁ። ቆሜ ጮህኩ፤ ምን እንዳልኩ አልጽፈውም። ከተቆጣሁ በኋላ ተቀመጥኩ። ስቀመጥ ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። እኔ እኮ በማግስቱ ተመልሼ እነዚያን ገንዳዎች አይቻለሁ! ድንጋዮቹን አይቼ፣ የኔ እጅ ነው ብዬ ምያለሁ። ማዛወሯን አላወቅኩም። እኔ ማድረግ የሚገባኝን ነበር ያደረገችው። ይህች ከመሮው ጋር ስትጫወት ጣቷን ቆርጣ ታለቅስ የነበረች ልጅ፣ መቼ ነው ይህን ሁሉ የተማረችው? ከማን? እጄን በአፌ ጭኜ ቀረሁ።

እናቷ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ "ነገረችህ?" አለች። ለካ ከኔ በቀር ያላወቀ የለም።

ጥር 30

ልጄ እጄን ይዛ እዚያው ሆስፒታል፣ የጆሮ ክፍል አስገባችኝ። ፏፏቴውን ላለማየት በጎን በኩል ገባን።

ግድግዳዋ ስፖንጅ የለበሰ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጡኝ። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ፣ እጄ ላይ ማብሪያ የመሰለ ነገር። ድምፅ ስትሰማ ተጫን ተባልኩ። መጀመሪያ ወፍራም ወፍራም ድምፆች መጡ፤ ተጫንኩ። ከዚያ ዝም አለ። እኔም የሚቀጥለውን ለመስማት ተዘጋጅቼ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ጣቴን አሰናድቼ ጠበቅሁ። ጠበቅሁ። መሣሪያው ተበላሸባቸው እንዴ እያልኩ ሳለ በሩ ተከፈተ። "ጨርሰናል" አሉኝ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ድምፅዋ የሚሰማ፣ እግዜር ይስጣት። የድንጋይ መቁረጫ ጩኸት ነው ጆሮዎን የበላው አለች፤ የብዙ ዓመት። ቀስ በቀስ ስለሆነ አልታወቀዎትም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ የሚሉት ለካ ለኔ ነው! ማዳመጫ መሣሪያ ታዟል፤ እስኪመጣ ጊዜ ይወስዳል፣ ሁሉንም አይመልስም አለች። እሺ አልኩ። ምን ልበል?

ከዚያ ከጠረጴዛዋ ላይ የጆሮን ቅርጽ አንስታ ገለጠችው። ውስጡ ቀንድ አውጣ የመሰለ ነገር አለ፣ የተጠቀለለ፣ ከአተር ብዙም የማይበልጥ።

"ይኼ ባዶ ነው?" አልኳት።

"አይደለም። ፈሳሽ የሞላበት ነው። ድምፅ ሲገባ ፈሳሹ ይናወጣል። ውስጡ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ፀጉር መሳይ ነገሮች አሉ፤ እነሱ ሲወዛወዙ ነው የምንሰማው።"

"ፈሳሽ? ውሃ ማለትሽ ነው?"

"ጨዋማ ውሃ ቢሉት ይቻላል።"

ወይ ጉድ! ወይ አምላኬ! ተነስቼ ቆምኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ገንዳ ስገነባ፣ ከሁሉ የሚበልጠውን ገንዳ ጭንቅላቴ ውስጥ ይዤ ነበር የምዞረው! ማን ነው የገነባው? ያለ ፓምፕ፣ ያለ ቧንቧ፣ አንዲት ጠብታ ሳያፈስ? የውጭውን ውሃ በውስጥ ውሃ ነበር ስሰማው የኖርኩት። ሐኪሟ የታመመ ሰው እንዲህ ሲደሰት አይታ አታውቅ መሰለኝ፤ ግራ ገብቷት ልጄን አየቻት። ቀጭኑን ድምፅ የሚይዙት ፀጉሮች በመግቢያው በር ላይ ያሉት ናቸው አለችኝ። ጩኸት ሲገባ መጀመሪያ የሚመታው እነሱን ነው። የሄደው ተመልሶ አይበቅልም።

መንገድ ላይ ሳለሁ አለቀስኩ። ልጄ አየችኝና እጄን አጥብቃ ያዘችኝ። በሐዘን ብቻ እንዳይመስላት እፈልግ ነበር፤ ማስረዳት ግን አቃተኝ።

የካቲት 3

ገንዳው ውስጥ ነኝ ዛሬ፣ ሱሪዬን ጠቅልዬ። ልጄ ፎቅ ላይ ናት፤ ከመስኮት መስኮት፣ ከአልጋ አልጋ። "ድምፁን ከገንዳው ዳር ሆነህ አትመዝነው አባዬ፤ የሚሰማው የተኛው ሰው ነው" አለችኝ። እኔ ጋሽ ጆሮ ይህን አስቤው አላውቅም! ሁልጊዜ የቆምኩት ራሴ ዘንድ ነበር።

እሷ በመስኮት እጇን ታወጣለች። ወደ ታች፤ ቀንስ። ወደ ጎን፤ ድንጋዩን አዙር። ጡጫ፤ በቃ፣ እዚያ። የከረከምኩትን የድንጋይ ከንፈር ግንበኛው ሞርዶ አለሰለሰው፤ ውሃው እንደገና አንድ ወጥ መጋረጃ ሆነ። የቆሙትን ድንጋዮች አስተኛኋቸው። መዳፌን ከሥራቸው ሳሳርፍ ውሃው በክንዴ በኩል ይንቀጠቀጣል። ያን እስካሁን ማንም አልወሰደብኝም።

ሕሙማኑም ገቡበት። በየመስኮቱ እጅ ይወጣል፤ አንዱ ጨምር፣ አንዱ ቀንስ። ሹፌሩ ደግሞ ዊልቸሩን ገንዳው አጠገብ አስጠግቶ፣ ከባድ መኪና ወደ ኋላ እንደሚያስገባ ሰው ክንዱን እያወዛወዘ፣ "ና፣ ና፣ ና፣ በቀኝህ፣ በቃ! ቁም!" ይለኛል። ድንጋይ ተሸክሜ ሳቅ አንቆኝ ልወድቅ ነበር። ለዚያ ሰውዬ ድምፅ ምስጋና ይግባው፤ የሱ አንድም አያመልጠኝም።

የካቲት 4

ጥቂት ቀረ። ልጄ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጥግ አልተስማማኝም ብላ ምሳ እንኳ አልበላችም። ፓምፑ ግማሽ ላይ ነው። ነገ ነው ቀኑ። አፈሩ እንዳለ ነው።

ከሥራ ስንወጣ፣ "ምን ይላል አሁን?" አልኳት። አሰበች፣ አሰበች። "አንድ ሰው ማዶ ክፍል ሆኖ ቀስ ብሎ የሚያወራ ይመስላል፤ ቃሉ አይሰማም፣ ግን ብቻህን እንዳልሆንክ ታውቃለህ" አለችኝ። እንዲህ አድርጌ እኔ ተናግሬው አላውቅም። ግንበኛው ዕቃውን ተሸክሞ ከኋላችን ይከተላል። ስለ ጋብቻው ተሳስቼ ነበር መሰለኝ፤ ወይም ደግሞ አልተሳሳትኩም። ሲሚንቶ አቡካ ማለቱን ትቻለሁ።

የካቲት 5፣ ማክሰኞ

አስተዳዳሪውና ሲስተሯ ጠዋት መጡ። አስተዳዳሪው ገንዳው ጋ ቆመ፤ ቀጥሎ ልጄ ይዛው ፎቅ ወጣች፣ በየክፍሉ አስገባችው። እኔ ታች ቆሜ መስኮቶቹን ሳይ ልቤ ከውሃው በላይ ይመታ ነበር። አንዱ መስኮት ተከፍቶ፣ ሌላው ተከፍቶ፣ እየተከፋፈቱ ሄዱ። የሚዘጋ አላየሁም። ሲመለሱ አስተዳዳሪው አትክልተኛውን ጠርቶ የአፈሩን ክምር እያሳየ ወደ ጓሮ ጠቆመው። አትክልተኛው አካፋውን ሲያነሳ ጠቀሰኝ።

ከዚያ አስተዳዳሪው እጄን ጨበጠኝ። ከንፈሩን አየሁ፤ "ጋሽ ጆሮ" ሲል አየሁት።

"አይደለሁም!" አልኩት። "ጆሮዋ ልጄ ናት! እኔ ድንጋይ ተሸካሚ ነኝ! ስሙን ለሷ..."

ልጄ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ጮኼ ነበር ለካ፤ ልኩን አላውቀውም። ዓይኗን ተከትዬ ዞርኩ።

ፊት ለፊታችን አግዳሚው ላይ አንዲት ሴትዮ ተኝታለች። አስታማሚ ናት፤ አይቻት አላውቅም። አንድ ጫማዋ ወልቋል፣ አፏ ትንሽ ተከፍቷል፣ የልጅ ሹራብ እቅፏ ውስጥ እንዳለ ተጨምድዷል። ሲስተሯ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ልጇ ታሞ ከተኛባት ጀምሮ ኮሪደር ላይ ቆማ ስታድር አንድም ቀን ዓይኗን ከድና እንደማታውቅ ነገረችኝ።

አፌን ዘጋሁ። ሁላችንም በጣታችን እየረገጥን እንደ ሌባ ከዚያ ሸሸን። እኔ ግን ሩቅ አልሄድኩም፤ ማዶ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ውሃው ከላይ ወደ መሀል፣ ከመሀል ወደ ታች ይወርዳል። አንዲት ነገር አልሰማሁም። ሴትዮዋ ተኝታለች።